የሙሉሽ ድምፅ በእድሩ ግሩፕ

በጂንካ ገበያ በርበሬ ተራ ሙሉሽን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ድምፅዋ ከሱቋ ቀድሞ ይገኛል። አንዱ ደንበኛ በርበሬውን ቆንጥሮ አሽትቶ «ይሄ የዘንድሮ ነው?» ቢላት መልሱን የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም፤ ማዶ ጨው የሚቸረችሩትም፣ የዲመካን ሚኒባስ የሚጠብቁትም አብረው ይሰማሉ። ክፋት ግን የላትም። ሰው ሲሞት ቀድማ ደርሳ የምታለቅሰው፣ ሙሽራ ሲወጣ ቀድማ እልል የምትለው እሷ ናት። የሰፈሩ ሴቶች እድር ሲቋቋም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሷ የሰጧት በዚሁ ምክንያት ነው። ትልልቁ ድስት፣ ጭልፋው፣ ሰሃኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ከሷ እጅ ወጥቶ ወደሷ እጅ ይመለሳል።

የተወለደችው ደብረ ማርቆስ ነው። ጂንካ የመጣችው በ1985 ዓ.ም. አስተማሪ ባሏን ንጉሤን ተከትላ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ሆዷ ገፍቶ ነበር። «ትንሽ ሠርተን እንቀየራለን» ብሏታል። ዝውውሩም አልመጣ፣ እነሱም አልሄዱ። ያኔ የአውሮፕላኑ ሜዳ ሣር ነበር፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቱን የሚያባርር ሰው ይሮጣል። ሙሉሽ ያንን አይታ «የት አገር ነው ያመጣኸኝ?» ብላ አልቅሳለች።

እያለቀሰች ሳለ ነው አጥሩን ተሻግረው አንዲት የአገሬው የኣሪ ሴት የመጡት። እማማ ዶርቃ ይባላሉ። ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅለው፣ ቅቤ አፍስሰውበት በቅጠል ይዘዋል። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንተ ልጅ፣ ብላ። ሆድ ባዶ ነው፤ ልጅ እንዴት ይመጣል?» አሏት። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሙሉሽ ቅቤውን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ነፍሰ ጡር ብትሆንም ጾም አትፈታም። እማማ ዶርቃ የተናቁ መስሏቸው ቅር ብሏቸው ተመለሱ። ማታ ንጉሤ ሄዶ ነገሩን ሲያስረዳቸው ግን በሳቅ ፈረሱ፤ በማግስቱም ቦዬውን ያለ ቅቤ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካው ነገር ያንን አጥር ተሻግሮ አያውቅም። እማማ ዶርቃ ጴንጤ ናቸው፤ የሙሉሽን አጽዋማት ግን ሙሉሽ ራሷ ስትረሳ እሳቸው ያስታውሷት ነበር።

አይከራከሩም ማለት አይደለም። እንዴት አድርገው! እማማ ዶርቃ እሁድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ከቸርች ሲመለሱ፣ ሙሉሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ አጥሩ ላይ ይገናኛሉ። «ማርያም ጥሩ ሰው ነው። ጌታ ግን ኢየሱስ ነው» ይላሉ አንደኛዋ። «እናቱን ሳያከብሩ ልጁን ማክበር አለ እንዴ?» ትላለች ሌላዋ። ድምፅ ከፍ ይላል፤ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ነገር ግን ክርክሩ የአጥር ክርክር ነውና ሲያበቃ ጨው መዋዋስ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። አንዳቸውም ከሃይማኖታቸው ዝንፍ አላሉም፤ አንዳቸውም አልተቀያየሙም።

የእማማ ዶርቃ ልጅ ትህትና ያኔ ተማሪ ነበረች። አድጋ ሚልክያስ የሚባል የቸርቻቸውን መዘምር አግብታ እዚያው ግቢ ቀረች፤ የሙሉሽ የልብ ወዳጅ ሆነች። ንጉሤ ያረፈ ጊዜ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ሚልክያስ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ባዶ እግሩን ቆመ። ሙሉሽ ያንን ቀን «ጌታ ውለታህን ይክፈልህ፤ አልረሳውም» ብላዋለች።

ረሳችው። ይህን ያህል ጊዜ አብሯት የኖረን ነገር እንዴት እንደረሳችው ለመናገር የስልኩን ነገር ማንሳት ግድ ነው።

ስልኩን የገዛችላት ቱርሚ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጇ ዳጊ ናት። ቴሌግራም ጫነችላትና የእድሩን ግሩፕ አስገባቻት። የግሩፑ ሥዕል ትልቁ ድስት ነው። እዚያ ሰው ሲሞት ይነገራል፣ ሲታመም ይነገራል፣ የጠፋ ጭልፋ ይፈለጋል። ሙሉሽ ይሄ ብቻውን ደስ ብሏት ነበር። በኋላ ግን አንዲት ዘመድ «ቃሉን እንመርምር» የሚባል ሌላ ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ የተሰባሰቡ ኦርቶዶክሶችና ጴንጤዎች ቀኑን ሙሉ የሚከራከሩበት ነው። እዚያ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ተብላ ገባች። ሥዕሏ አበባ ነው። ፊደል መልቀም ስለማይሆንላት በድምፅ ትልካለች፤ ድምፅ ደግሞ አላነሳትም።

መጀመሪያ ጥያቄ ነበር የምትጠይቀው፣ ደህና ጥያቄ። በእምነት የሚባል አንድ ሰው ግን «ሥዕል አምላኪዎች» ብሎ ጻፈ። ሙሉሽ «መናፍቅ» አለችው። እሱ ጨመረ፣ እሷም ጨመረች። በተናገረች ቁጥር ከሷ ወገን ያሉት «በርቺ እናታችን! አቃጠልሻቸው!» እያሉ የእሳት ምልክት ይደረድሩላታል። ሰው በስተርጅና ጭብጨባ ሲለምድ ከልጅ ይብሳል። በርበሬ እየመዘነች ስልኩን ታያለች፣ ምሳ እየበላች ታያለች። እማማ ዶርቃ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ ሙሉሽ በመጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ማታ ስትጠይቃቸው ቆይታ፣ በኋላ «ነገ እገባለሁ» ማለት ጀመረች። በመካከላቸው ያለው ያው አጥር ብቻ ነበር።

ዕለቱ በሁዳዴ፣ ሐሙስ ረፋድ ነው። በእምነት ስለ ፍትሐት ጻፈ። ለሞተ ሰው መጸለይ የካህናት ንግድ ነው፣ ሞኝ ነው የሚከፍለው አለ። ሙሉሽ የንጉሤን አርባ፣ ሙት ዓመት፣ ተዝካር አሰበች፤ ደሟ ፈላ። ልትመልስለት ስትል ደንበኛ መጣና ስልኩን አስቀመጠች። ለደንበኛው እየመዘነች ንግግሯን በሆዷ አሰናዳች። ሲሄድላት መነጽሯ ግንባሯ ላይ እንዳለ ስልኩን ከፈተች፤ እንደ ልማዷ ከሁሉ በላይ ያለውን ግሩፕ ነካችው። «ቃሉን እንመርምር» ዝም ብሎ ስለማያውቅ ሁልጊዜ ከላይ የሚሆነው እሱ ነዋ። ጣቷን የድምፅ መቅጃው ምልክት ላይ አሳርፋ ንግግሯን ለቀቀችው።

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ! ሬሳ ፊት ኪቦርድ የምትመቱ፣ ለሞተ ሰው ማልቀስ እንኳ የማይሆንላችሁ! ጸሎት የለ፣ ፍትሐት የለ፤ እናታችሁን እንደ ከብት ጉድጓድ ጥላችሁ የምትመለሱ እናንተ ናችሁ እኛን የምታስተምሩን?»

ላከችው። ልቧ ቀለል አላት። የእሳቱን ምልክት ጠበቀች፤ አልመጣም። በምትኩ ስልኩ ጠራ። ዳጊ ናት፣ ከቱርሚ።

«እማዬ፣ ምን ነው ያደረግሽው? የት እንደላክሽው አይተሻል?»

«ምኑን?»

«የእድሩ ግሩፕ ላይ ነው የላክሽው! እማማ ዶርቃ አርፈዋል ተብሎ ከተነገረ በኋላ! ከሥሩ ነው ያለው እማዬ፣ ከሥሩ!»

ሙሉሽ መነጽሯን አወረደች። ድስቱን አየች። ከድስቱ ሥር «የትህትና እናት እማማ ዶርቃ ዛሬ ረፋድ አርፈዋል፤ ዕቃ ቶሎ ይድረስ» ይላል። መርዶው አሁን የመጣ ስለሆነ ግሩፑን ወደ ላይ አውጥቶት ነበር። ከመርዶው ሥር ደግሞ የሷ ድምፅ ተቀምጧል። ዳጊ አጠፋፉን ነገረቻትና አጠፋችው። ምን ይሆናል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግማሹ ሰፈር ሰምቶ፣ ለሌላው ግማሽ ልኮታል።

የበርበሬው ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ያለቀሰችው ለእማማ ዶርቃ ይሁን ለራሷ አልለየችውም። ሁለቱ ሐዘን በአንድ ስልክ ነው የመጣባት።

የእድሩ ሰብሳቢ ራህመት መጣች። ሱቋ ከጎን ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ነገር አታበዛም። ሙሉሽ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ዘረጋችላት።

«ራህመትዬ፣ ውሰጂው። ዕቃውን ሌላ ሰው ያድርስ። እኔ በምን ዓይኔ ነው ትህትና ፊት የምቆመው?»

«አልወስድም።»

«ሰምተሽኝ የለ እንዴ?»

«ሰማሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። እኔ በክርክራችሁ አልገባም፤ የማውቀው ለቅሶ ቤቱ ድስት የለውም። ራስሽ ትወስጂዋለሽ። ካባረሩሽ ተባረሽ ትመለሻለሽ፤ ድስቱን ግን አያባርሩትም።»

እውነቷን ነው። በዚህ እድር ዕቃ የሚያደርሰው ቁልፍ የያዘው ነው፤ የሚያስረክበውም ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በእጁ ነው። ድስት በሰው አይላክም። ሙሉሽ ይህን ደንብ ስንቱን ሰነፍ ተቆጥታበታለች። ዕቃ ቤቱን ከፈተች፤ ድስቱን በባጃጅ አስጫነች፤ እሷም በድስቱ ጎን ተሸጉጣ ተቀመጠች።

መንገዱን ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር። ትህትና «አትግቢ» ብትላትስ? ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ እናቷን ትታ ነው የመጣችው፤ እዚህ እናት የሆኗት እማማ ዶርቃ ናቸው። እሳቸውን ሳትቀብር፣ እንደ እህቷ የምታያትን ትህትናንም በዚሁ ቀን ካጣች፣ ጂንካ ለሷ ምኗ ነው?

ሙሉሽ ለቅሶ ቤት ስትገባ ከደጅ ጀምራ ነው የምትጮኸው። አገር ያውቃል። ዛሬ ግን ድምፅዋን ሁሉም ሰው ጠግቦ ሰምቶታል፤ አፏን ለመክፈት አፈረች። ድንኳኑ ውስጥ መዘምራን እየዘመሩ ነው። ኪቦርድ የሚመታው ወጣት ዓይኑ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ሁለቱም እጁ ስለተያዘ ሊጠርገው አልቻለም። ሚልክያስ ከጎኑ ቆሞ ሊዘምር አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ አይወጣውም። ሙሉሽ ማልቀስ አይሆንላቸውም ብላ የነበረው ስለነዚህ ሰዎች ነው።

ጓሮ ስትገባ ሴቶቹ ወደ ጉልቻው ዞሩ። አንዷ ድስቱን ፊቷን ሳታይ ተቀበለቻት። አቮካዶው ሥር አንድ ደህና በሬ ታስሮ ሣር ይበላል። በጉልቻው ላይ ግን የተጣደው ምስርና ጎመን ነው፣ የሚሸተውም ዘይት ነው። ሙሉሽ ገረማት፤ ለመጠየቅ ግን አንደበት ከየት ይምጣ። ትህትና ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ዕቃውን ላስረክብሽ ነው» አለች ሙሉሽ፤ እንዲህ ቀጭን ድምፅ እንዳላት ራሷም አታውቅም ነበር።

«እትዬ ሙሉሽ፣ ሰምቼዋለሁ።» ትህትና አልጮኸችም። «የእናቴ ገላ ሳይታጠብ ነው የሰማሁት። በጣም ነው ያመመኝ።»

«በእግዚአብሔር፣ ላንቺ አልነበረም። ሌላ ግሩፕ አለ፤ እዚያ መስሎኝ ነው። ለማላውቃቸው ሰዎች ነው የተናገርኩት።»

ትህትና ዓይኗን ጠረገች።

«እነሱ እናት የላቸውም?» አለች።

ሙሉሽ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ለመሄድ ዞረች።

«ይቅር በይኝ። ድስቱ ደርሷል፤ ልሂድላችሁ።»

«ሳትበዪ? እዚህ ቤት ሥጋ ለምን እንዳልተሠራ አልጠየቅሽም?» ትህትና በሬውን በአገጯ አሳየቻት። «ለዚህ ቀን ተብሎ ነበር የተገዛው። እማዬ ናት እንዳይታረድ ያለችው፤ ሳትሞት፣ አፏ ሳይያዝ። ‹ሁዳዴ ነው። ሙሉሽ ሥጋ አይበላም። እኔ ስሞት ሙሉሽ ከደጄ ጾሙን ይመለሳል? አትረዱ› አለች።»

ሙሉሽ የድስቱን ጆሮ ያዘች።

«መልእክትሽ ከተሰማ በኋላ ወንድሞቼ ‹እንግዲያው በሬው ይታረድ› ብለው ተነሱ። እምቢ አልኩ። የእናቴን ቃል ባንቺ ቃል አልሽርም።»

ያን ጊዜ ሙሉሽ እንደገና አለቀሰች። እንደ ልማዷ አይደለም፤ አልጮኸችም፣ ሙሾም አላወረደች። ትህትና ቆማ አየቻትና ቆይታ፣ ቆይታ፣ ክንዷን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት፤ ራሷም አጠገቧ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሚልክያስ በሰሃን ምስር ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ቅመሱ» አላት። ያን ምስር እንዴት እንደዋጠችው እግዚአብሔር ያውቃል።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ከትህትና ወንድሞች አንዱ እስከ ሠልስቱ ሰላም አላላትም። ቀብሩ ላይ ግን ሙሉሽ ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው ቆማ ቀበረች። በሠልስቱ ማግስት በእድሩ ግሩፕ ላይ በዚያው ድምፅዋ ተናገረች። «ሙሉሽ ነኝ። የምታውቁት አፍ ነው። እማማ ዶርቃ በተኙበት፣ ትህትናን ከነቤተሰቧ፣ እናንተንም ሁላችሁን በድያለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለች። ራህመት ቀድማ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ መለሰች። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ሰላም ያላላት ወንድም ከሁሉ ኋላ ምንም ሳይጽፍ የተጣመሩ እጆች ምልክት ላከ። ሙሉሽ ያችን ምልክት ለለቅሶው ከቱርሚ ለመጣችው ለዳጊ ደጋግማ አሳየቻት።

በሬው እስከ ፋሲካ ከረመ። በበዓሉ ማግስት ለእማማ ዶርቃ መታሰቢያ ታርዶ ሁለቱም ወገን በላ፤ ወጡ የተሠራው በሙሉሽ በርበሬ ነው። እዚያው ገበታ ላይ ስለ ምልጃ ክርክር ተነሳ። ትህትና አንድ ጥቅስ ጠቀሰች፣ ሙሉሽ ሌላ ጠቀሰች፤ ድምፅም ከፍ አለ። ሚልክያስ «እማማ አልሞቱም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

የቀረው ሌላኛው ግሩፕ ነው። ዳጊ «ውጪበትና ተገላገዪ» ብላት ነበር። ሙሉሽ ግን እንቢ አለች፤ የተናገረችው እዚያም ተቀምጧልና። አበባውን አስወግዳ በበርበሬ ከረጢቶቹ መሃል የተነሳችውን ፎቶ አደረገች። ወለተ ሥላሴ የሚለው ቀርቶ «ሙሉሽ፣ ከጂንካ» ተባለ። የሆነውን ሁሉ፣ የበሬውን ነገር ጭምር፣ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አንዳንዱ ሳቀባት። ከራሷ ወገን «ለዘብሽ፣ ተሸነፍሽ» ያላትም አለ። «በሃይማኖቴ አንድ ጋት አልተንቀሳቀስኩም። የተንቀሳቀሰው ምላሴ ነው» አለችው። የእሳቱ ምልክት ቀረባት፤ ትንሽ ደብሯታል፣ አልዋሽም።

ሲመሽ፣ በእምነት ጻፈ። «እማማ ሙሉሽ፣ ስለ እማማ ዶርቃ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። ባለቤትዎን እንደቀበሩ አላውቅም ነበር። ‹ሞኝ› ያልኩት ቃል ከብዷል፤ ይቅርታ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።» ከሥሩ ስለ ፍትሐት የጻፈው ረጅም ነበር።

ሙሉሽ መነጽሯን አጠለቀች። መጀመሪያ የግሩፑን ስም አነበበች፤ ድስት አለመሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ የበእምነትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ መልሱ አፏ ላይ ነው፣ ጥቅሱም አልጠፋባትም። ጣቷን አሳረፈች።

«በእምነት ልጄ፣ ደህና አመሸህ? እመልስልሃለሁ፤ በክርክሩማ አልምርህም። መጀመሪያ ግን ንገረኝ፤ እናትህ ደህና ናቸው?»

ጣቷን አነሳችና መልሱን መጠበቅ ጀመረች።